ግዙፉ የኮንቴይነር መርከብና የሞያሌ መንገድ

ኬንያ ውስጥ ከሞያሌ ወደ ማርሳቢት በሚወስደው አስፋልት ሶሎሎ ሲደርሱ ወደ ምዕራብ ከተገነጠሉ ኡራን ይገኛል። አገሩ የከብትና የግመል አርቢ አገር ነው፤ ባሕሩ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይርቃል። ያም ሆኖ የሱቁ ጎማ፣ የሞተር ብስክሌት መለዋወጫና የሶላር መብራት አብዛኛው ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው።

በዓለም ካሉት የኮንቴይነር መርከቦች ከትልልቆቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2023 ሥራ የጀመረው ኤምኤስሲ ኢሪና ነው። ርዝመቱ 400 ሜትር ግድም፣ ወርዱ 61 ሜትር ሲሆን ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 24,346 ይጭናል። ይህን ሁሉ ከሞያሌ ጀምረን አስፋልቱ ላይ ጫፍ ለጫፍ ብንደረድረው ወደ 150 ኪሎ ሜትር ይዘረጋል፤ ማርሳቢት ለመድረስ ከግማሽ መንገድ በላይ ይሄዳል።

እኔን ከመርከቡ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ሣጥኑ፣ ማለትም ኮንቴይነሩ ነው። በመርከቡ ሆድ ውስጥ ቀጥ ብለው በቆሙ የብረት መሪዎች መሐል ተንሸራቶ ይወርዳል፤ ከላይ የሚደረደረው ደግሞ በአራቱ ማዕዘን በብረት ቁልፍ ከሥሩ ካለው ጋር ይያያዛል። ያው ሣጥን ሳይከፈት ተሳቢ ላይ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1956 አይዲል ኤክስ የተባለው መርከብ ከአሜሪካ ኒው ዋርክ ወደ ሂውስተን ሲጓዝ የጫነው 58 ብቻ ነበር። መርከቡ በእጥፍ ሲያድግ ብረቱ፣ ነዳጁና ሠራተኛው በእጥፍ ስለማይጨምር የአንዱ ኮንቴይነር ወጪ ይቀንሳል፤ እንዲህ እየተባለ እዚህ ተደረሰ።

ግዝፈቱ ግን ወደብ ያስመርጣል። የኢትዮጵያዎቹ ጅግጅጋ፣ አሶሳና ጋምቤላ እያንዳንዳቸው 28,000 ቶን ገደማ የሚጭኑ፣ የራሳቸው ክሬን ያላቸው መርከቦች ናቸው። ግዙፎቹ ግን ጥልቅ ውኃ ይፈልጋሉ፤ ክሬን ስለሌላቸውም የወደብ ክሬን ያስፈልጋቸዋል። ግዝፈቱ ሌላም አደጋ አለው፤ ኤቨር ጊቭን የተባለው ግዙፍ የኮንቴይነር መርከብ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 የስዊዝን ቦይ ለስድስት ቀን ሲዘጋ የዓለም ንግድ እንዴት እንደታነቀ አይተናል።

የኬንያው የላሙ ወደብ የታሰበው እንዲህ ላሉት ግዙፍ መርከቦች ጭምር ነው። በወቅቱ የኢትዮጵያ፣ የኬንያና የደቡብ ሱዳን መሪዎች የነበሩት መለስ ዜናዊ፣ ምዋይ ኪባኪና ሳልቫ ኪር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2012 የወደቡን ፕሮጀክት አስጀመሩ፤ የመጀመሪያዎቹ መርከቦች በግንቦት 2021 ደረሱ። አሁን ያሉት ሦስት የመርከብ ማቆሚያዎች እያንዳንዳቸው 400 ሜትር ይረዝማሉ፤ ጥልቀታቸው 17.5 ሜትር ነው። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው አስፋልት አልቋል፤ የሞያሌው የጋራ የድንበር ኬላም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ተመርቋል።

በባሕር ላይ የረከሰው ማጓጓዣ በየብስ መልሶ ሊወደድ ይችላል። ከላሙ በጋሪሳ በኩል እስከ ኢሲዮሎ ያለው ጉዞ ለሹፌርና ለጭነት አስተማማኝ እስኪሆን ድረስ የመርከቡ ግዝፈት ለሞያሌና ለኡራን ነጋዴ እምብዛም አይጠቅመውም። የኬንያና የኢትዮጵያ መንግሥታት ቀጣዩን ገንዘብና ጥበቃ እዚህ መንገድ ላይ ያውሉት።