የደረሰን መልእክት ማጋራትና የሕግ ተጠያቂነት

ዱከም ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ሠራተኞችን ከየአካባቢው የምታስተናግድ ከተማ ናት። በመንገዱ ላይ በአንድ ብሔር ተወላጆች ላይ ጥቃት ተፈጸመ የሚል ሐሰተኛ መልእክት በቴሌግራም ቢለቀቅ፣ ፈረቃ ሳይቀየር በብዙ ስልኮች ሊደርስ ይችላል። አብዛኛው ተጠቃሚ «እኔ አልጻፍኩትም፤ የደረሰኝን ነው ያስተላለፍኩት» ማለት ከተጠያቂነት የሚያድነው ይመስለዋል። ሕጉ ግን ይህን አይቀበልም።

የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ ንግግርን በማናቸውም መንገድ ለብዙ ሰዎች ማጋራትን እንደ ማሰራጨት ይቆጥረዋል። ላይክ ወይም ታግ ማድረግ ግን ማሰራጨት አይደለም።

ይሁንና ስህተት ያለበትን መልእክት ያጋራ ሁሉ ወንጀለኛ አይሆንም። ወንጀል የሚሆነው መረጃው ሐሰት ሲሆን፣ ያሰራጨው ሰው ሐሰትነቱን ሲያውቅ ወይም ማወቅ ሲገባው፣ እንዲሁም መረጃው ሁከት ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉ ከፍተኛ ሲሆን ነው። እውነተኛነቱን ለማረጋገጥ እንደ ሁኔታው ተገቢውን ጥረት ያደረገ ሰው አይጠየቅም። በዱከሙ ምሳሌ፣ በስፍራው ላለ ሰው ደውሎ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ «ሁሉም እያጋራው ነው» ማለት ግን ማጣራት ሊባል አይችልም።

አዋጁ ሲረቀቅ የመናገር ነፃነትን ያጠብባል የሚል ሥጋት በስፋት ተነሥቶ ነበር፤ ሥጋቱም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ መብትን ያረጋግጣል፤ ቅድመ ምርመራንም ይከለክላል። በመሆኑም የከተማ አስተዳደርን ውሃ አልደረሰንም፣ ጉዳያችን ተጓተተ ብሎ በፌስቡክ መተቸት በአዋጁ የተከለከለ ተግባር አይደለም። የፖለቲካ ትችት፣ የጥናትና የኪነ ጥበብ ሥራም በልዩ ሁኔታ ተጠብቀዋል።

ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት እስከ 1 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተፈጸመ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል፤ ሁከት ካስከተለ ከ2 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ጉዳት ባልደረሰበት ጊዜ ፍርድ ቤቱ በምትኩ የማኅበረሰብ አገልግሎት ሊያዝ ይችላል።

አገልግሎት ሰጪ ድርጅቶችም እንዲህ ያለ ይዘት ሲጠቆሙ በ24 ሰዓት ውስጥ ማንሳት ይጠበቅባቸዋል። ጥቆማው የሚቀርበው መልእክቱ ላይ ባለው የማመልከቻ ቁልፍ ነው፤ ለፖሊስም ለማመልከት የሚያስብ ሰው መልእክቱ ከመነሳቱ በፊት አድራሻውን፣ ቀኑንና የስክሪን ምስሉን ቢያስቀምጥ ይጠቅመዋል።