ትሉን አገዳው ውስጥ ገብታ የምታጠቃው ተርብ

በቆሎና ማሽላ የሚያመርት ገበሬ አገዳ ቆርቁርን ሳያውቅ አይቀርም። ከዕንቁላል የተፈለፈለው ትል ጥቂት ቀን ቅጠል ሲበላ ይቆይና አገዳውን ቦርቡሮ ይገባል። ከገባ በኋላ መድኃኒት ቢረጭ ብዙም አያገኘውም፤ የገበሬው ገንዘብ ግን ይባክናል።

ትሉን ተከትላ ጉድጓዱ ድረስ የምትገባ አለች። ኮቴሲያ የምትባል ጥቁር ተርብ ናት፤ ርዝመቷ ከ3 ሚሊሜትር ብዙም ስለማይበልጥ ትንኝ እየመሰለች ትታለፋለች። የትሉን ኩስ ሽታ ተከትላ ትገባና በሰውነቱ ውስጥ በአንድ ጊዜ በርካታ ዕንቁላል ትጥላለች። በዚያ ጠባብ ጉድጓድ በትሉ ተነክሳ የምትሞተውም ጥቂት አይደለችም። ልጆቿ ግን ትሉን ከውስጥ እየተመገቡ ያድጉና ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ቆዳውን በስተው ይወጣሉ፤ ትሉም ይሞታል።

ቺሎ ፓርቴለስ የተባለው የቆላ አገዳ ቆርቁር ከእስያ ወደ አፍሪካ የገባ ተባይ ነው። ሲገባ ጠላቱ አብራው አልመጣችም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ኮቴሲያ ፍላቪፔስን ከእስያ አስመጥተው እ.ኤ.አ. በ1993 በኬንያ፣ በ1997 ደግሞ በሶማሊያ ለቀቋት። በአገራችን ማንም ሳይለቃት በ1999 በተደረገ አሰሳ ተገኘች፤ ከሶማሊያ ተሻግራ እንደ መጣች ይታመናል። የደጋውና የወይናደጋው ቆርቁር ቡሲዮላ ፉስካ ግን የእርሷን ዕንቁላል በሰውነቱ ውስጥ አፍኖ ይገድላል። እርሱን የምታጠቃው የአፍሪካ ተወላጅ የሆነችው ዘመዷ ኮቴሲያ ሰሳሚዬ ናት።

የተጎዳ አገዳ ሲሰነጠቅ ከትሉ አጠገብ እንደ ጥጥ የነጣ ጥቅልል ይገኛል። ብዙ ሰው የተባዩ ዕንቁላል እየመሰለው ይጨፈልቀዋል። የተርቧ ልጆች ናቸው፤ በሳምንት ገደማ ክንፍ አውጥተው ይበራሉ። ስለሆነም ሳይነካ እዚያው ማሳ ውስጥ እንዲተው እንመክራለን። ተርቧ የምትኖረው ጥቂት ቀን ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ መድኃኒት ከተረጨ ትሉ አገዳው ውስጥ ተሸሽጎ ሲተርፍ እርሷ ታልቃለች።

ተርቧ ብቻዋን ማሳውን ታጸዳለች አንልም። ከአጨዳ በኋላ አገዳው ቆሞ ወይም ተከምሮ ከቀረ ትሉ በጋውን ውስጡ ያሳልፋል። ለአጥርና ለማገዶ የሚፈለግ አገዳ ከመከመሩ በፊት 4 ሳምንት ያህል መሬት ላይ ሳሳ ተደርጎ ተጋድሞ ፀሐይ ይምታው።