ጥንድ ካርድ ለአንድ ጨዋታ

በጎተራ ኮንዶሚኒየም በአንዲት ጠባብ ክፍል ኮምፒዩተሩን ተክሎ የሚጫወት ወጣት፣ አዲስ የወጣውን ብርቱ ግራፊክስ ካርድ ለመግዛት አቅሙ ባይፈቅድለት፣ ያገለገሉ ሁለት ካርዶችን ጎን ለጎን ቢሰካ ኃይሉ እጥፍ ይሆንለት እንደሆነ ቢያሰላስል አይነቀፍም፤ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባው የኮምፒዩተር ዕቃ ተወድዷልና።

የነገሩ ጥንት 1998 እ.ኤ.አ. ነው። ስሪዲኤፍኤክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቩዱ 2 የተሰኘውን ካርድ ሲያወጣ፣ የሥዕሉን አንደኛ መስመር አንዱ ካርድ፣ ተከታዩን ሌላው እንዲስል አድርጎ ሁለቱን ማጣመር ቻለ። ኩባንያው ሲወድቅ ንብረቱን የገዛው ኤንቪዲያ በ2004 ኤስኤልአይ ብሎ አደሰው፤ ኤቲአይም በማግሥቱ ዓመት ክሮስፋየር ብሎ ተከተለ።

በእነዚህ ዘንድ የጸናው ሥርዓት ግን መስመር ሳይሆን ሙሉ ፍሬም በተራ ማካፈል ሆነ፤ ይኸውም በማኅሌት ጊዜ በቀኝ ጌታና በግራ ጌታ የሚመሩት ሊቃውንት ዜማውን እየተቀባበሉ እንደሚያዘልቁት ያለ ነው። ዳሩ ግን አንደኛው ወገን ለቅጽበት ቢዘገይ ዜማው እንደሚሰናከል፣ ፍሬሞቹም በተመጣጠነ ጊዜ ካልደረሱ ቆጣሪው በሰከንድ 60 እያለ ዓይን መንገጫገጭን ያያል። ደግሞም ሁለቱም ወገኖች ዜማውን ምሉዕ አድርገው በቃል መያዝ እንደሚገባቸው፣ እያንዳንዱ ካርድ የጨዋታውን መረጃ በየራሱ ሜሞሪ ስለሚይዝ፣ 11 ጊጋባይት ያላቸው ሁለት ጂቲኤክስ 1080 ቲአይ ካርዶች ለጨዋታው ያው 11 ናቸው እንጂ 22 አይሆኑም።

ኃይልን በተመለከተ፣ አንዱ 1080 ቲአይ 250 ዋት ሲጠይቅ ጥንዱ 500 ይጠይቃል፤ የቀረው ዕቃ ገና አልተቈጠረም። መብራት በሚዋዥቅበት ሰፈር ይህን የሚሸከም ፓወር ሰፕላይና ስታቢላይዘር መግዛት ከካርዱ የተረፈውን ብር ይበላዋል፤ የላይኛውም ካርድ የታችኛውን ትኩስ አየር ሲምግ ይውላል።

ከሁሉ የሚከፋው አምራቾቹ ራሳቸው መንገዱን መተዋቸው ነው። ኤንቪዲያ ከ2021 እ.ኤ.አ. መባቻ ጀምሮ ለቀደሙት ካርዶቹ አዲስ የኤስኤልአይ ማስተካከያ ማዘጋጀት አቆመ፤ በ2022 የወጣው አርቲኤክስ 4090 የማጣመሪያ መሰኪያ እንኳ የለውም። ዳይሬክትኤክስ 12 ሸክሙን ወደ ጨዋታ ሠሪዎች አሻገረው፤ እነርሱም ለጥቂት ባለጥንዶች ብለው ሊደክሙ አልወደዱም። በብሌንደር የሕንፃ ምስል የሚሠራ ሰው ግን ከጥንድ ካርድ እውነተኛ ረብሕ ያገኛል፤ እዚያ ሥራው በቍርጥራጭ ስለሚከፈል ተራ መጠባበቅ የለም።

ለተጫዋች ግን አንድ ካርድ፣ ያውም ያገለገለ ቢሆን፣ ይሻለዋል። ኢተሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ሲቀር፣ ሌት ተቀን ሲነዱ የኖሩ ብዙ ካርዶች ወደ ዓለም ገበያ ስለፈሰሱ፣ ገዢ እዚያው ሱቁ ውስጥ ከባድ ጨዋታ ግማሽ ሰዓት ያህል አስኪዶ ሙቀቱን ይመልከት፣ የማራገቢያውንም ድምፅ ያድምጥ፤ ሻጩ ይህን እንቢ ካለ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይለፍ።