ጠያቂውና ሠሪው፦ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኮምፒዩተር ላይ እንዴት ይጫናል?

የኮምፒዩተር ነገር ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናውቀው ከተከፈተ በኋላ ያለውን ነው። ባዶ ሃርድ ዲስክ ላይ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚጭነው ፕሮግራም፣ ማለትም ኢንስቶለሩ፣ እንዴት እንደሚሠራ የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም፤ እስኪያቃጥለን ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳለን ሦስት ሆነን አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ሊኑክስ ልንጭን ተነሣን። ፕሮግራሙ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ እኛ «የስ» እንላለን። አንዱ ጥያቄ ላይም እንደ ልማዳችን «የስ» አልን። ለካስ የተጠየቅነው ዲስኩ ላይ ይጻፍ ወይ፣ የነበረውስ ይጥፋ ወይ ኖሯል! የአንድ መምህራችን የሁለት ክፍል የማርክ ዝርዝር በዚያው ሄደ። መምህሩ አልተቈጡንም። ቁጭ ብለው እንደገና በእጃቸው ጻፉት፤ ይኸ ከቁጣ የባሰ ነበር።

ለመሆኑ ኢንስቶለር ምን ይሠራል? ሥራው ሁለት ነው። አንደኛው ሰውን መጠየቅ ነው፦ ቋንቋህ ምንድን ነው፣ ዲስኩን እንዴት እንከፋፍለው፣ የይለፍ ቃልህ ምን ይሁን? ሁለተኛው መሥራት ነው፦ ዲስኩን መከፋፈል፣ ፋይሎቹን መገልበጥ፣ ማሽኑ ሲበራ እንዲነሣ ማድረግ። ሁለቱን አንድ ላይ አጣብቆ መጻፍ ይቻላል። ደህና አድርገው የሚሠሩት ግን ይለያዩዋቸዋል፤ ጠያቂውን ፍሮንት ኤንድ፣ ሠሪውን ባክ ኤንድ ይሏቸዋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የፊት ክፍልና የኋላ ክፍል እንበላቸው።

ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት አካባቢ ጃንጥላ ዘርግተው የሚቀመጡትን ራፖር ጸሐፊዎች አስቡ። ከጎዛምን የመጣው ገበሬ በደሉን በራሱ አነጋገር ይነግራቸዋል፤ ከአዊ የመጣው በአገውኛ ቢናገር አገውኛ የሚያውቀው ጸሐፊ ይሰማዋል። ወደ መዝገብ ቤት የሚገባው ማመልከቻ ግን መልኩ አንድ ነው። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ደጅ ምን ተባለ ብሎ አይጨነቅም። ጸሐፊው ቢለወጥም መዝገብ ቤቱ አይፈርስም።

አሁን እውነተኛውን እንይ። ዴቢያን በ1985 ዓ.ም. የተጀመረና በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ የሊኑክስ ዓይነት ነው። በኢንስቶለሩ ውስጥ ሠሪው ክፍል ስክሪኑን ራሱ አይነካም። ዴብኮንፍ በሚባለው የመጠየቂያ ሥርዓት በኩል በአጫጭር ቃላት ይነጋገራል። «ኢንፑት» ሲል ይህን ጥያቄ ያዝልኝ፣ ክብደቱም ይህን ያህል ነው ማለቱ ነው። «ጎ» ሲል አሁን ጠይቅልኝ፣ «ጌት» ሲል ደግሞ መልሱን ስጠኝ ማለቱ ነው። የክብደቱ ደረጃ አራት ነው፤ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ፣ እጅግ አስፈላጊ። በተለመደው አጫጫን ከፍተኛና ከዚያ በላይ የሆኑት ብቻ ይጠየቃሉ፤ የቀሩት አስቀድሞ የተቀመጠላቸውን መልስ ይዘው ያልፋሉ። ጥያቄው በሥዕል ይቅረብ በጽሑፍ፣ በየትኛው ቋንቋ ይሁን፣ ይኸ ሁሉ የፊተኛው ጉዳይ ነው። ሰውየው በራሱ ቋንቋ «አዎ» ቢል ለሠሪው የሚደርሰው ያው «ትሩ» የሚለው ቃል ነው።

ታዲያ ይኸ ለኛ ምናችን ነው? ዴቢያን 4.0 በመጋቢት 1999 ዓ.ም. ሲወጣ ከቀድሞው የጽሑፍ ፊት ሌላ በሥዕል የሚሠራ አዲስ የፊት ክፍል ይዞ መጣ። በየካቲት 2001 ዓ.ም. 5.0 ሲወጣ ደግሞ ከተጨመሩት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ሆነ፤ ማራቲና አይሪሽም አብረው ገቡ። ሆኖም አማርኛ የሚመረጠው በሥዕላዊው ፊት ብቻ ነበር፤ እንደ ሂንዲ፣ እንደ ቤንጋሊ፣ እንደ ታይ ሁሉ። ምክንያቱም የፊደሉ ነገር ነው። የተለመደው የጽሑፍ ስክሪን በአንድ ጊዜ የሚይዘው የፊደል ቅርጽ 256፣ ቢበዛ 512 ሲሆን እያንዳንዱ ቅርጽ ብዙውን ጊዜ ወርዱ 8 ነጥብ፣ ቁመቱ 16 ነጥብ በሆነ ጠባብ ሳጥን ውስጥ ይገባል። የኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃሎቹ እነ ቋ፣ ጓ ገና አልተቈጠሩም፤ የላቲኑም ፊደል አብሮ መኖር አለበት። እስቲ በግራፍ ወረቀት 8 ካሬ ወርድ ላይ «ጬ»ን ሣሏት!

እንግዲህ ጠያቂውና ሠሪው አንድ ላይ ተጣብቀው ቢሆን ኖሮ አማርኛን ለማስገባት ዲስክ የሚከፋፍለውን ክፍል ሁሉ እንደገና መጻፍ ባስፈለገ ነበር። ተለያይተው ስለነበሩ ግን አዲስ ፊትና ትርጉም በቂ ሆኑ። አንድ የሚያስቆጭ ነገር ግን አለ። በ5.0 ሜኑ ላይ በመጀመሪያ የተጻፈው የጽሑፉ አጫጫን ሲሆን ሥዕላዊው ሁለተኛ ነበር። ዝም ብሎ ኢንተር የተጫነ ሰው ዝርዝሩ ውስጥ አማርኛን ፈልጎ ያጣዋል፤ «የለም» ብሎም ይቀመጣል። ትርጉሙም ቢሆን ዓይን ይፈልጋል። ያልተተረጐመ ጥያቄ በእንግሊዝኛው ይወጣል፤ ከጊዜው ጋር ያልተራመደ ቋንቋ ከዝርዝሩ እስከ መነሣት ይደርሳል።

መለያየቱ የራሱ ጣጣ አለው፤ ይልቁንም ሰው «ተመለስ» ሲል። ፊተኛው 30 የሚል ቁጥር ለኋለኛው ይመልሳል፤ ኋለኛውም የትኛው ጥያቄ ላይ እንደነበረ አስታውሶ መመለስ አለበት። ስለዚህ ጥያቄዎቹ በደረጃ በደረጃ ተከፍለው መጻፋቸው ግድ ነው። ዲስኩ ከተነካ በኋላ ግን «ተመለስ» ማለት የጠፋውን አያመጣም። ዴቢያን ከመጻፉ በፊት የመጨረሻ ጥያቄ የሚያቀርበውና አስቀድሞ የተቀመጠው መልስም «አይ» የሆነው ለዚህ ነው።

ሌሎቹም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። ኡቡንቱ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ባወጣው 23.04 ለዴስክቶፑ አዲስ ፊት ሠርቶ ከኋላ ግን ለሰርቨር ይጠቀምበት የነበረውን ሠሪ አስቀመጠለት።

ፊት የሌለው አጫጫንም አለ። መልሶቹ ሁሉ አስቀድመው በአንድ ፋይል ይጻፋሉ፤ በዴቢያን ፕሪሲድ፣ በሬድ ሃት ኪክስታርት ይባላል። ለአንድ ላቦራቶሪ 20 ኮምፒዩተር መጫን ሲያስፈልግ 20 ጊዜ ከመቀመጥ ያድናል። ግን ልብ በሉ፤ ፋይሉን የጻፈው ሰው ለመጨረሻው ጥያቄም «አዎ» ብሎ ከጻፈ ማሽኑ ማንንም አይጠይቅም። ያን ፍላሽ የምትሰኩበት ኮምፒዩተር ላይ የማንም የማርክ ዝርዝር ካለ መጀመሪያ ወደ ሌላ ፍላሽ ገልብጡት፤ ገልብጣችሁም ከፍታችሁ እዩት።