«ልጄ እንድትማር እንጂ እንድትጫወት አልከፈልኩም!»

ዛሬ የማጫውታችሁ የራሴን ጥፋት ነው። ነዋሪነቴ ጎንደር ነው። አምስት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ አለችኝ።

አምና የገባችበት መዋዕለ ሕፃናት በሦስት ወር ውስጥ ከሀ እስከ ፐ አስጻፋት። እኔም ደብተሯን ለጎረቤት እያሳየሁ ደረቴን ነፋሁ። ልጅቷ ግን ሌሊት ፍራሽ ማርጠብ ጀመረች። «ትልቅ ልጅ ሆነሽ!» ብዬ ገረፍኳት። ለካስ ፊደል ስታጣምም በጣቶቿ መሐል እርሳስ እየተደረገ ትጨመቅ ኖሯል!

ዘንድሮ እናቷ ሌላ ቦታ አስገባቻት። ሁለት ወር ሙሉ ደብተሯ ባዶ! «ምን ተማርሽ?» ስላት፣ «ገበያ ተጫወትን» ትለኛለች። ደሜ ፈልቶ ሄድኩና መምህርቷ ላይ ጮኹኩ።

«ጋሼ፣ እስቲ ግማሽ ሰዓት ይቀመጡ» አለችኝ በትሕትና።

ልጆቹ ቅዳሜ ገበያን ከፍተዋል። ጠጠሩ ድንች፣ ቆርኪው ብር ነው። ልጄ ነጋዴ ናት፤ አንዱን መደብ በሁለት ቆርኪ ትሸጣለች። አንድ ልጅ ሁለት መደብ ገዝቶ አምስት ቆርኪ ሰጣት። አሰበችና አንዷን መለሰችለት። ማን መቀነስ አስተማራት? ወዲያ ጥግ ያሉት ደግሞ ጭቃ እያድቦለቦሉ «ሀ»ን ይሠራሉ።

መምህርቷ አስረዳችኝ። እርሳስ ለመያዝ መጀመሪያ ጣት መጠንከር አለበት፤ ጭቃና ቅልሞሽ ያጠነክሩታል። ገበጣ ቆጠራ ነው፣ እንቆቅልሽ ቋንቋ ነው፣ ሰኞ ማክሰኞ ሚዛን መጠበቅ ነው። ጀርመናዊው ፍሮቤል በ1837 እ.ኤ.አ. የሕፃናት ትምህርት ቤቱን ሲከፍት የተነሣው ከዚሁ ሐሳብ ነበር። በእኛም አገር በ2002 ዓ.ም. የቅድመ አንደኛ ትምህርት ፖሊሲ ወጥቶ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ዜሮ ክፍል ተስፋፍቷል። ዳባትና ደባርቅ ያለ ወላጅ «መጫወቻ መግዣ የለኝም» ብሎ አይዘን፤ ጠጠሩም ጭቃውም በደጁ ነው።

ታዲያ ጨዋታ ማለት ልጆችን ሜዳ ላይ በትኖ ሻይ መጠጣት አይደለም። መምህሯ ምን እንደሚማሩበት አስቀድማ ታስባለች፣ አጠገባቸው ሆና ትጠይቃለች። ትምህርት ቤት ስትመርጡ ይህንን ተመልከቱ። ልጃችሁ ፍራሽ ብታረጥብም ዱላውን ትታችሁ ምን እንዳስፈራት ጠይቁ፤ ካልተሻላትም ሐኪም አማክሩ።

ልጄ ስሟን ገና አትጽፍም። ጎረቤትም «ዘንድሮስ ደብተሯ የታል?» ይለኛል። ፍራሹ ግን ከደረቀ ወር አለፈው። ትናንት ማታ «አባዬ፣ ድንች ልሽጥልህ?» አለችኝ። አሥር ጠጠር ገዛኋት፤ መልሱንም አስተካክላ ሰጠችኝ።