የዲዝኒ የምግብ ዕቅድ የዕለት ራሽን አይደለም

በፍሎሪዳ ኦርላንዶ አቅራቢያ በ1971 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ አራት የመዝናኛ ፓርኮች አሉት። በሪዞርቱ ሆቴሎች የሚያድር እንግዳ የምግቡን ሒሳብ ከክፍሉ ጋር አጠቃሎ አስቀድሞ መክፈል ይችላል። ይህ ዕቅድ በ2020 በወረርሽኙ ሳቢያ ተቋርጦ በጃንዋሪ 2024 ተመልሷል።

ዓይነቱ ሁለት ነው። አነስተኛው በአዳር ሁለት ፈጣን ምግብና አንድ መክሰስ ይሰጣል፤ ከፍ ያለው አንድ በአስተናጋጅ የሚቀርብ ማዕድ፣ አንድ ፈጣን ምግብና አንድ መክሰስ። ዕቅዱ ሲመለስ የአዋቂ ዋጋ በአዳር 57.01 እና 94.28 ዶላር ነበር። አዋቂ የሚባለው ከ10 ዓመት ጀምሮ ነው። በአንድ ክፍል የሚያድሩ ሁሉ፣ ከ3 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት በስተቀር፣ አንድ ዓይነት ዕቅድ መግዛት አለባቸው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ከዚህ በኋላ ነው። «በአዳር» የሚለውን ሲሰሙ በየቀኑ የሚታደል ራሽን ይመስላቸዋል። ስለዚህ ቀኑ ሳያልፍ ለመጨረስ ሳይርባቸው ይበላሉ፤ ልጆቻቸውንም ያስገድዳሉ። ይህ ልማድ ሊቀር ይገባል። እያንዳንዱ የተገዛ ምግብና መክሰስ ክሬዲት ይባላል፤ ክሬዲቱ በሙሉ እንግዳው ሆቴል ሲገባ በአንድ ጊዜ ይከፈትለታል፤ የሚያበቃውም በመውጫው ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ነገሩ እንደ ስልክ የወር ፓኬጅ ነው፤ የተገዛው መጠንና የሚያበቃበት ቀን ይታወቃል፣ አጠቃቀሙ የባለቤቱ ነው።

ሰኞ ገብቶ ቅዳሜ የሚወጣ ሰው አምስት ያድራል። ከፍ ያለውን ዕቅድ ከያዘ አምስት የማዕድ፣ አምስት የፈጣን ምግብና አምስት የመክሰስ ክሬዲት አለው። የሚመገብባቸው ቀናት ግን ስድስት ናቸው፤ ለስድስተኛው ቀን የተለየ ክሬዲት አይጨመርም። ሰኞ ማታ ደክሞት ምንም ሳይበላ ቢተኛ አንድም ክሬዲት አይጠፋበትም። ማክሰኞ ሁለት ጊዜ በማዕድ ቢቀመጥ ማንም አይከለክለውም። በሲንደሬላ ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው ምግብ ቤትና ካሊፎርኒያ ግሪል ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት የማዕድ ክሬዲት ይወስዳሉ፤ በአፍሪካ ጣዕም የተቃኘው ጂኮም እንዲሁ። ይህን ቀድሞ ያላሰበ ሰው ሐሙስ ላይ የማዕድ ክሬዲቱን ጨርሶ ቀሪውን ከኪሱ ይከፍላል። ሌላው ደግሞ ሲቆጥብ ቆይቶ በመጨረሻው ምሽት በቀሩት የመክሰስ ክሬዲቶች የታሸገ ከረሜላ ሲሰበስብ ይታያል።

ለጾመኛ ተጓዥ ሒሳቡ ጠበቅ ይላል። ከ2019 ጀምሮ ከዕፅዋት ብቻ የተሠሩ ምግቦች በምግብ ዝርዝሩ ላይ የቅጠል ምልክት አላቸው፤ የጾም ምግብ ማግኘት አያስቸግርም። ነገር ግን አንድ ክሬዲት ለስቴክም ለአትክልት ሳህንም ያው አንድ ክሬዲት ነው። ዕቅዱ ዕድሜያቸው 21 ለሞላ ከምግቡ ጋር አንድ የአልኮል መጠጥ ይጨምራል፤ የማይጠጣ ሰው ይህን ጥቅም በለስላሳ ይለውጠዋል። እስከ ከሰዓት ጾሞ፣ ሥጋና መጠጥ ትቶ ከፍ ላለው ዕቅድ መክፈል አያዋጣም። በማዕድ ተቀምጦ፣ ስቴክ አዝዞ፣ ወይን ጠጥቶ ለሚያመሽ ግን ዕቅዱ ከሚወራበት በእጅጉ የተሻለ ነው።

ዕቅድ መግዛት ወንበር አያስይዝም። የምግብ ቤት ቀጠሮ ከ60 ቀን በፊት ይከፈታል፤ የሆቴሉ እንግዶች በዚያው ዕለት እስከ 10 ቀን ለሚደርሰው ቆይታቸው በሙሉ መያዝ ይችላሉ። ተፈላጊ ቤቶች ቶሎ ይሞላሉና ቀኑን ማሳለፍ አይገባም።

ከመግዛት በፊት የምግብ ዝርዝሮቹን ከነዋጋቸው አውጥቶ ቤተሰቡ በእርግጥ የሚበላውን መደመር ያስፈልጋል። ድምሩ ከዕቅዱ ዋጋ ካነሰ ዕቅዱን ትተው እንደ በሉት ይክፈሉ። ከገዙም ለአስተናጋጅ የሚሰጠው ጉርሻ በአብዛኞቹ ቤቶች በዕቅዱ ውስጥ ስለሌለ ገንዘቡን ለብቻ ያዘጋጁ።