ፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ ብቻ አይደለም

ሙሐመድ ዐሊ በ1996 እ.ኤ.አ. በአትላንታ የኦሎምፒክ እሳት ሲለኩስ እጁ ሲንቀጠቀጥ ዓለም አይቷል። ብዙዎቻችን ፓርኪንሰንን የምናውቀው በዚሁ ነው።

በሽታው የሚመጣው ዶፓሚን የሚያመነጩ የአንጎል ሕዋሳት ሲሞቱ ነው፤ ጉዳቱ ግን ከእጅና ከእግር ያልፋል። ሽታ አለመለየት፣ የሆድ ድርቀት፣ በእንቅልፍ ልብ መጮህና መራገጥ ከመንቀጥቀጡ ዓመታት ቀድመው ሊታዩ ይችላሉ። ድብርት፣ ጭንቀት፣ መርሳት፣ የሌለ ሰው ማየትም ሊኖር ይችላል። ይህ የኢማን ድክመት አይደለም፤ «ጂን ነው» ብለንም አንቸኩል። ሩቃ ቢቀራላቸውም ሕክምናው አይቅር።

ከሱጁድ ሲነሱ የሚያዞራቸው የደም ግፊታቸው ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ ለታመመ ሰው ተቀምጦ መስገድ ተፈቅዷል። ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት ሰዓቱን ጠብቆ ይወሰዳል፤ በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው። ስለዚህ ረመዷን ሳይገባ ሐኪም ይማከሩ፤ ለበሽተኛ የማፍጠር ፈቃድ አለ።

ለእረፍት ከአምቦ ወደ ጉደር፣ ጊንጪ ወይም ጌዶ ስንመለስ፣ ዝም ያሉትን አባት «እንቅልፍዎ እንዴት ነው? ሆድዎን ምን ይሰማዎታል?» ብለን እንጠይቅ። ሐኪም ዘንድ ስንወስዳቸውም ያየነውን ሁሉ እንንገር።

አላህ ለሕሙማኖቻችን ሺፋ ይስጥልን። አሚን።